ጋሽ ታደሰ እና በግማሽ የተዘጋው በር

«ጽዋውን ማንም ገብቶ አያወጣም!» አሉ እትዬ አልማዝ። «ግድግዳው ተሰንጥቋል። መሬቱ እስኪረጋ ማኅበሩም ይቆይ።»

«መቼ እንደሚረጋ ደውሎ ነገረዎት እንዴ?» አለ ባለ ጋራዡ በቀለ።

«አሁን ቀልድ ነው? ሰውየውን ዛሬ ቀብረን!»

አዎ፣ በዚያው ዕለት ቀብረናቸው ነበር። የጅቡቲ መስመር አንጋፋው ሾፌር ጋሽ ታደሰ፣ ሰመራ አስተማሪ ልጃቸው ዘንድ ሄደው ሳለ ልባቸው ደክሞ አረፉ። አስከሬናቸው ወደ አዋሽ የመጣውም ዕድሜያቸውን ሙሉ በተመላለሱበት መንገድ ነው። እኛ የምንከራከረው በግቢያቸው፣ በራሳቸው ሸራ ሥር ተቀምጠን ነበር። የገብርኤል ማኅበራችን ጽዋ ተራው የእርሳቸው ስለነበር እቤታቸው ውስጥ ቀርቷል። ቀጣዩ ተረኛ እኔ ነኝ። ግን ፈርቻለሁ።

ስለ ሸራው የማታውቁ ካላችሁ ልንገራችሁ። የመሬት መንቀጥቀጡ በጀመረ ሰሞን ሁላችንም ፍራሻችንን ደጅ ስናወጣ፣ ጋሽ ታደሰ የጭነት መኪናቸውን ሸራ አምጥተው በግቢያቸው ወጠሩት። «ስንት ዘመን ስንዴ ሸፍኗል፤ አሁን ደግሞ ሰው ይሸፍን» አሉ። ጎረቤታቸው ፋጡማ ከነልጆቿ ስትመጣ በአዋሽ ሙቀት ነፋስ የሚገባበትን ጥግ ለቀቁላት። «አላህ ይስጥዎት» ስትላቸው፣ «ሰጥቶኛል፤ ይኸው ጎረቤት» አሏት። በጅቡቲው መንገድ ዲቾቶ ላይ መኪናው ተበላሽቶ የቆመበት ሾፌር ካዩ ውኃቸውን ሳያካፍሉ እንደማያልፉ የሙያ ጓደኞቻቸው ይናገራሉ። እኔ ባላየውም አምናለሁ።

በዚያ ሰሞን ግጥም መጻፍ አቅቶኝ ነበር። ብዕር ስይዝ ጠረጴዛው የተነቃነቀ ይመስለኛል፤ ከባድ መኪና ባለፈ ቁጥር ዘልዬ እነሣለሁ። መሬቱ ሲናወጥ «አቤቱ! አቤቱ!» እላለሁ፤ ጸጥ ሲል እረሳዋለሁ። አንድ ቀን ጋሽ ታደሰ ሰምተው ሳቁብኝ።

«አንተ ልጅ፣ እግዚአብሔርን እንደ ክሬን ነው እንዴ የምትጠራው? መኪናው ሲገለበጥ ብቻ!»

«እርስዎ አይፈሩም?»

እጃቸውን ዘረጉልኝ። ይንቀጠቀጥ ነበር።

«መሪ ያደከመው እጅ ነው ብዬ ልዋሽህ? ፈርቼ ነው። ግን ፍርሃቴን ይዤ የምሄድበት አለኝ።»

እንደ ሁላችንም ደጅ ያድራሉ። ጠዋት ግን ለጸሎት ወደ ክፍላቸው ይገቡና በሩን ይዘጋሉ። ያኔ በሰፈራችን በር የሚዘጋ ሰው አልነበረም፤ ለሩጫ እንዲመቸን ወለል አድርገን ከፍተን ነበር የምንተወው። አንድ ጠዋት አብሬአቸው እንድጸልይ ጠሩኝ። ደፉን ተሻግሬ ቆምኩ፤ ከዚያ አላለፍኩም።

«በሩን ይተዉት» አልኩ።

«ክፍት ከሆነ ጆሮህ ደጅ ይቀራል፤ የሚጸልየው አፍህ ብቻ ይሆናል።»

«ጋሽዬ፣ አልችልም።»

አላፌዙብኝም። በሩን እስከ ግማሹ ገፉት።

«እሺ፣ ግማሹ ለአንተ፣ ግማሹ ለእኔ። እርሱ በግማሽም ይገባል።»

ወደ ሰመራ እስኪሄዱ ድረስ እንደዚያው ጸለይን። ምንም ነገር ከመለመናቸው በፊት «ተመስገን» ብለው ለረጅም ጊዜ ዝም ይላሉ። በዝምታው መካከል እኔ ጣሪያውን አያለሁ። «ተወው ጣሪያውን» ይሉኛል፣ ዓይናቸውን ሳይገልጡ። አንዳንድ ጠዋት እውነትም እተወው ነበር።

ወደ ቀብሩ ዕለት ክርክር ልመለስ፤ እትዬ አልማዝ ንግግራቸውን ሳይጨርሱ ብድግ አልኩ።

«ወዴት ነህ?»

«ተራዬ ነው።»

«ልጄ፣ ቢናድብህስ?»

ከሸራው ሥር ወጥቼ ወደ ክፍላቸው ገባሁ።

ጋሽዬ፣ ጽዋዎ በነጭ ጨርቅ እንደተሸፈነ መደርደሪያው ላይ አገኘሁት። አንሥቼ ልሮጥ ነበር። ነገር ግን እርስዎ የሚቆሙበትን ቦታ አየሁና ተመልሼ በሩን ከውስጥ ገፋሁት፤ ግማሹ ላይ አላቆምኩም። «ተመስገን» አልኩ፤ ሌላ ቃል አልመጣልኝም። ዝም አልኩ። ፍርሃቱ አብሮኝ ቆሟል፤ ጆሮዬ ግን ደጅ አልነበረም። ጣሪያውን ማየት እንደረሳሁ ያወቅሁት በኋላ ነው።

ደህና ይሁኑ፣ ጋሽ ታደሰ። አሁን ባሉበት ምድር አይናወጥምና ሸራዎትን ለእኛ ይተዉልን፤ ገና እንተኛበታለን። የዚህ ወር ገብርኤል እኔ ቤት ይዘከራል።

ጽዋውን ደረቴ ላይ ይዤ ወጣሁ። በርዎንም ከኋላዬ ቀስ አድርጌ ዘጋሁት።