ማርጋር አጋና የምሽጉ ውሃ

ማርጋር አጋ ሁልጊዜ ጠዋት ወደ ምሽጉ ይወጣና ከአንገቱ የማይለየውን ቁልፍ አውጥቶ የውሃውን ጉድጓድ ክዳን ይከፍታል። ጎንበስ ብሎ ያያል፣ ጉሮሮውን ይጠርጋል፣ መልሶ ይቆልፋል። ሥራው ይኸው ነበር። በዚህ ሥራ የተነሳ ግን ከከተማችን አርመኖች ሁሉ በላይ ይቀመጥ ነበር፤ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ እንኳ ከፊቱ ሰው ሲቆም አይወድም።

ምሽጉ የቆመው ደረቅ አለት ላይ ነው። ውሃ የሚመጣለት ከከተማው ምንጭ በሸክላ ቧንቧ ሲሆን፣ ቧንቧው ከተሰበረ ያለው በዚያ ጉድጓድ የተጠራቀመው ብቻ ነው። ይህን የማያውቅ ሰው አልነበረም።

ማርጋር አጋ ለዓመታት የቱርኩን ፓሻ እርካብ ሲስም ኖረ። የቱርክና የመስኮብ ነገሥታት ጦርነት ገጥመው መስኮቦች ድንበሩን ሲሻገሩ፣ የፓሻው ወታደሮች አንድ ጥይት ሳይተኩሱ ምሽጉን ጥለው ሄዱ። ማርጋር አጋ ዳቦና ጨው ይዞ የመስኮቡን ኮሎኔል ተቀበለ። ምሳ ሰዓት ሳይደርስ፣ በሩን የከፈትኩላቸው እኔ ነኝ ማለት ጀመረ።

ፀጉር አስተካካዩ ቶሮስ አላስቻለውም። «ማርጋር አጋ፣ ቱርክ በሩን በርግዶት ነው የሄደው። እርስዎ የከፈቱት አፍዎን ነው።»

የማርጋር አጋ ጭንቀት መስኮቦች ቁልፉን ለራሳቸው ሰው እንዳይሰጡበት ነበር። ኮሎኔሉን ማስደሰት ነበረበት፤ ቫርዳቫር ደረሰለት። በዚያ በዓል እኛ አርመኖች ቄስ ሽማግሌ ሳንል ውሃ እንራጫለን። ማርጋር አጋ፣ ዘንድሮ በምሽጉ ውስጥ እናክብር፣ ክርስቲያን ከክርስቲያን ጋር፣ ብሎ ለመነ። ኮሎኔሉ ውሃው አያልቅም ወይ ሲል ጠየቀ። ምንጩ በእጃችን ነው፣ ጉድጓዱ መልሶ ይሞላል፣ አለው። ኮሎኔሉም ሞቆት ነበርና እሺ አለ።

ክዳኑ ተከፈተ። ወታደሩም ዲያቆኑም ፈረሱም ራሰ። ማርጋር አጋ በኮሎኔሉ አናት ላይ አንድ ባልዲ ሙሉ ደፍቶ ሲስቅ ዋለ። ማታ ጉድጓዱ ውስጥ የቀረው ጭቃ ነበር።

ጉድጓዱ ሳይሞላ ቱርኮች ጦር አሰባስበው ተመለሱ፤ ከተማውን ያዙ፣ ቧንቧውን ሰበሩ። እኛም ሸሽተን ከመስኮቦቹ ጋር ምሽጉ ውስጥ ተዘጋን። ከዚያ ወዲያ ውሃ የሚገኘው ከግንቡ በገመድ ወርዶ፣ በተኩስ መሃል፣ የፈረስ ሬሳ ከተጋደመበት ወንዝ በመቅዳት ብቻ ሆነ። ኮሎኔሉ ያለችውን ጠብታ ለወታደሮቹ አደለ። ለእኛ ግን፣ ያራጨ ወርዶ ይቅዳ፣ አለ።

የማርጋር አጋ ልጅ ኤግሳ አራስ ነበረች። ባሏ ከነጋዴዎች ጋር ሩቅ አገር ነበር። ጡቷ ደረቀ፤ ሕፃኑ ማልቀሱን ትቶ ያቃስት ጀመር። አባቷ ቁልፉን አንጠልጥሎ ጥላ ሥር ተቀምጦ ስለ ጉልበቱ ሕመም ያወራል። ቶሮስን፣ አንተ ጎልማሳ ነህ፣ ለምን አትወርድም ይለዋል። ቶሮስ ከአንድ ቀን በፊት ወርዶ፣ ትከሻው ላይ በጥይት ተመትቶ ነበር የተጋደመው።

ኤግሳ የውሃ አቁማዳ አምጥታ አባቷ እግር ሥር ጣለችው። «አባባ፣ ወይ ወርደው ይቅዱ፣ ወይ ልጁን ይያዙልኝና እኔ ልውረድ።»

ሁላችንም እያየን ነበር። ማርጋር አጋ አቁማዳውን አየ፣ ግንቡን አየ፣ ከዚያም ሕፃኑን ለመቀበል ሁለት እጁን ዘረጋ።

«ቀስ ብለሽ ውረጂ እንግዲህ፣ ልጄ» አላት። «ገመዱ ያንሸራትታል።»

ወረደች፤ ግማሽ አቁማዳ ይዛ ወጣች። በማግስቱም፣ ከዚያም በኋላ ሌላ የመስኮብ ጦር ደርሶ ከበባውን እስኪሰብር ድረስ፣ የወረደችው እሷ ናት።