መስቀላቸውን የደበቁት ቄስ

የኅዳር ሚካኤል ዕለት ሲነጋ ቄስ መልከ ጼዴቅ ከመደባቸው መነሣት አቃታቸው። ጉልበታቸው ከድቷቸዋል፣ ራሳቸው ሊፈነዳ ደርሷል። ጉንፋን ነው። "ጉንፋን ነው" ተብሎ የሚታለፈው ሳይሆን፣ ጎልማሳውን አልጋ ላይ የሚያውለው፣ ሽማግሌውን ደግሞ ለመቃብር የሚያጨው ነው። ታዲያ ቤትዎ ይዋሉ እንዳይባሉ፣ ቀኑ የጥሩሸዋ ዝክር ነው።

ጥሩሸዋ የንስሐ ልጃቸው ናት። ባሏን የቀበሩላት፣ ልጆቿን ያጠመቁላት እሳቸው ናቸው። አስም አለባት። ባለፈው ክረምት እንዲሁ ጉንፋን ጥሏት፣ በቃሬዛ እስከ ሞላሌ ከተማ ወርዳ፣ ከዚያም ሆስፒታል ገብታ በኦክስጅን ነው የተረፈችው። ሐኪሙ "ሁለተኛ እንዲህ ያለ ጉንፋን ከያዛት አትችለውም" ሲል ቄሱ አጠገቡ ቆመው ሰምተዋል። የዘንድሮው ዝክር ስትድን የተሳለችው ስለት ነው።

ደግሞስ ባለፈው እሑድ! የጤና ኤክስቴንሽኗ ጽናት ለምናቸው፣ ከቅዳሴ በኋላ ራሳቸው ሕዝቡ ፊት ቆመው፣ "ጉንፋን የያዘው ከአዛውንት፣ ከአራስ፣ ደረቱን ከሚያመው ሰው ይራቅ። ሲያስል አፉን በክንዱ ይሸፍን፣ እጁን በሳሙና ይታጠብ" ብለዋል። ሕዝቡም "እሺ" ብሎ፣ እያሳለ መስቀላቸውን ተሳልሞ ሄደ። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው። አሁን ማን ይሙት፣ ተናጋሪው ራሱ ጉንፋኑን ተሸክሞ አስመኛ ቤት ሊገባ ነው?

ሌላ ቄስ እንዳይልኩ፣ አብረዋቸው የሚያገለግሉት ቄስ ወሰኔ ለሚካኤል ንግሥ ወደ ቀየት ሄደዋል። ዳቦው ካልተባረከ አይቆረስም፤ ሰው ተሰብስቦ ይጠብቃል። ሚስታቸው አመተሥላሴ "ኧረ እባክዎ ይቅርብዎ፣ ይደፉብኛል" ብትል፣ "ከደጅ ባርኬ እመለሳለሁ" አሉና በርኖሳቸውን ደርበው ወጡ።

አቀበቱ ዛሬ ረዘመባቸው። በየደጁ ቆሻሻ ተጠርጎ ይጨሳል። ያ የኅዳር በሽታ በአያቶች ዘመን አገር ከፈጀ ወዲህ በዚህ ቀን ኅዳር ይታጠናል። የጥሩሸዋ ጎረቤት ምንይሉ እሳቱን እየቆሰቆሰ፣ "አባ፣ ጠጋ ብለው ይታጠኑ እንጂ! ጉንፋኑ ብን ይላል!" አላቸው።

"በጭስ የሚሄድ ቢሆን፣ ዕድሜ ልኩን ሲያጥን የኖረ ቄስ ይይዘው ነበር?" አሉት። ምንይሉ እየሳቀ ተከተላቸው።

ከጥሩሸዋ አጥር ሲደርሱ አልገቡም። አፋቸውን በነጠላ ሸፍነው "ዳቦውን አውጡልኝ" አሉ። ድፎው ወጣ። በሩቁ ባረኩት፣ ምንይሉ ቆረሰው። ሰዉ እርስ በርሱ ተያየ።

"ቄሱም ዝም፣ መጽሐፉም ዝም! ምን ተገኘ ዛሬ?" አለ አንዱ።

ይኸኔ ጥሩሸዋ በትሯን ተደግፋ፣ ፊቷ በደስታ ፈክቶ፣ ልትሳለም መጣች። ቄስ መልከ ጼዴቅ መስቀሉን በርኖሳቸው ውስጥ ደበቁት።

"አትምጪ! እዚያው ቁሚ!"

ክው አለች። በአገሩ መስቀል የሚነፈገው የተገዘተ ሰው ነዋ።

"ምን በደልኩ አባ?"

"ምንም ልጄ። አሞኛል።"

"መስቀል ደግሞ በሽታ ያመጣል? ከቄስ አፍ እንዲህ ይወጣል?"

"መስቀሉ አያመጣም። የያዘው እጅ ግን የእኔ ነው፤ ሌሊቱን ሙሉ ስስልበት ያደርኩበት።"

"በሰው ፊት፣ አባ! በሚካኤል ቀን!" አለችና ዞራ ገባች። ሰዉም ተከትሏት ገባ። "የሚያስል ሰው አይግባባት! ነፋስ እንዲገባላት በሩን ክፈቱላት!" ብለው ቢጮኹ፣ ምንይሉ ብቻ እያጉረመረመ በሩን ወለል አድርጎ ከፈተው። ከዳቦው ቁራሽ ያቀረበላቸው የለም።

"ቄሱ የንስሐ ልጃቸውን ገዘቷት" የሚለው ወሬ ቀድሟቸው ቤት ደረሰ። ተኙ። ከጉንፋኑና ከሐሜቱ የትኛው እንደጣላቸው እንጃ። ጉንፋኑ መንደሩን ሲያዳርስ እሳቸው የሚጠይቁት አንድ ነገር ነው፦

"ጥሩሸዋ ታስላለች?"

"አታስልም" አለች አመተሥላሴ። ቀጥላም፣ "ግን የነፍስ አባቷን ቀይራለች። ቄስ ወሰኔን ይዛለች" አለቻቸው።

ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ። የስንት ዘመን ልጃቸው ናት።

በታኅሣሥ ድነው ለእሑድ ቅዳሴ ወጡ። ሲያበቃ ከቄስ ወሰኔ ጎን ቆመው መስቀል ያሳልሙ ጀመር። ዘግይታ የቤተ ክርስቲያኑን አቀበት ወጥታ የደረሰችው ጥሩሸዋ ፊታቸው መጣች። መስቀሉን ዘረጉላት። ቀና ብላ እንኳ አላየቻቸውም፤ በአጠገባቸው አልፋ ወደ ቄስ ወሰኔ ሄደች።

ስታልፍ ጆሯቸውን ጣል አደረጉ። ያን ሁሉ አቀበት ወጥታ ደረቷ አያፏጭም።

"ተመስገን" አሉ በሆዳቸው፤ መስቀሉንም ከኋላዋ ለነበረው ሰው ዘረጉ።