ኡሙሰልማ ለፈታችው ባሏ የሰጠችው ትንፋሽ

ኡሙሰልማን የሐይቅ ከተማ ሰው የሚያውቃት በሁለት ነገር ነበር፦ ከአስፋልቱ ማዶ በሚሰማ ሳቋና የማኅበሩን የመብራት ወፍጮ በማንቀሳቀሷ። ሴት ወፍጮ ላይ ስትሾም ሽማግሌዎቹ "ዘመኑ ነው" ብለው ራሳቸውን ነቀነቁ። እሷ ግን የድንጋዩን ድምፅ ሰምታ ብቻ ዱቄቱ መላም አለመላሙን ትናገር ነበር።

ከባሏ ከኑርዬ የተፋቱት በስድሳ ዘጠኝ ዓመተ ምሕረት ነው። ከባድ ጠብ አልነበረባቸውም። እሱ ሁሉን እኔ አውቃለሁ ይላል፤ እሷም እንደዚያው። አንድ ጣራ ለሁለት አዋቂ አልበቃ አለ።

በሰባ አራት ክረምት የሴቶች ማኅበር አባላት የመጀመሪያ እርዳታ ሊማሩ ጤና ጣቢያ ተጠሩ። ኡሙሰልማ የሄደችው ቀሪ እንዳይጻፍባት ነበር። የጣቢያው ቁስል አሻጊ ድሬሰር አያሌው ጭድ የሞላው ጆንያ አጋድሞ "ይህ ሰው መተንፈስ አቁሟል" ሲል ከሁሉ አብልጣ የሳቀች እሷ ናት። ተራዋ ሲደርስ ግን አሳምራ ሠራችው።

ከሦስት ሳምንት በኋላ፣ በገበያ ቀን ረፋዱ ላይ፣ ኑርዬ ማሽላ ተሸክሞ መጣ። ዝናብ ጥሎ ነበርና እግሩም የወፍጮ ቤቱ ወለልም ርሷል። የሞተሩ የኤሌክትሪክ ገመድ መንገዱን ዘግቶ ቢያገኘው ተናደደ።

"ይህን እዚህ የተወው ማን ነው?"

"ተወው ኑርዬ፣ ላጥፋውና አነሳዋለሁ።"

"ደግሞ ገመድ ማንሳት ልታስተምሪኝ ነው?"

አነሳው። የጨበጠው ላስቲኩ የተላጠበትን ቦታ ነበር። ድምፅ እንኳ አላወጣም፤ ጥርሱ ገጠመ፣ ክንዱ ተንዘፈዘፈ፣ ጣቶቹ አልላቀቅ አሉ።

ጎረቤቱ ሀምዱ ሊያላቅቀው ሲንደረደር ኡሙሰልማ በመጥረጊያው እንጨት ደረቱን ገፋችው። "አትንካው! አንተም ትቀራለህ!" ዞራ ግድግዳው ላይ ያለውን ዋና ማጥፊያ ሳበችው። ድንጋዩ እያጉረመረመ ቆመ፤ ኑርዬም ተዘረረ።

ገበያተኛው ተግተልትሎ ገባ። አንዱ "ወተት አምጡ!" ይላል፤ ሌላው "አፈር አልብሱት፣ ኤሌክትሪኩን ይስብለታል!"

"አፈሩ ይቆየው፣ ገና አልሞተም!" አለች። ጆሮዋን ወደ አፉ አስጠጋች። ትንፋሽ የለም። ሀምዱን መኪና ፈልግ ብላ ላከችው። ከዚያ መዳፎቿን ደረቱ መሐል ደራርባ በኃይል ትጫን ጀመር፤ ቀጥላም አገጩን ቀና አድርጋ፣ አፍንጫውን ይዛ፣ በአፉ ትንፋሿን ነፋች።

ከበሩ በኩል አንድ ሽማግሌ "ኧረ የተፋቱ ናቸው! ሐራም አይደለም ወይ?" አሉ።

"እንግዲያው እርስዎ ይምጡና ትንፋሽ ይስጡት!" ብላ ወደ ሥራዋ ተመለሰች።

ሽማግሌው አልመጡም።

አፏ ደፋር ይሁን እንጂ ፈርታለች። ጆንያው ባይነሳ ማንም አይጠይቃትም፤ ይህ ግን ኑርዬ ነው፣ ስምንት ዓመት አብራው የኖረች። ክንዷ ዛለ፤ አላቆመችም። በመጨረሻ ሰውዬው ሳል አለ፣ ደረቱም በራሱ ከፍ ዝቅ አለ። "አልሐምዱሊላህ!" ብሎ ቤቱ ሙሉ ጮኸ።

ኑርዬ ዐይኑን ገልጦ መጀመሪያ የጠየቀው "ማሽላዬስ?" ብሎ ነው።

ቀጥሎ ቤቴ ልሂድ አለ። መዳፉ ላይ ያለችው ቁስል ከሽምብራ አትበልጥም። "ይህችን? ቅቤ ቀቡኝ፣ ይበቃኛል።"

"ቅቤ አይነካውም!" አለች። ድሬሰሩ ያስተማረው ትዝ ብሏታል፦ ኤሌክትሪክ ቆዳን በትንሹ በስቶ ውስጥን ይጠብሳል፤ ልብንም ዘግይቶ ሊያዛባ ይችላል። "የሚታየው ትንሹ ነው። ደሴ ሆስፒታል ትሄዳለህ።"

በጭነት መኪና ወሰዱት። ስድስት ቀን ተኛ፤ ሌባ ጣቱንም ሊያተርፉለት አልቻሉም። ሌላው ሁሉ ግን ደህና ሆነ።

ሲመለስ ሐይቅ ሁለቱን ማስታረቅ ጀመረ፤ ሽማግሌም ተላከ። ኡሙሰልማ ሳቀች። "ትንፋሽ ሰጠሁት እንጂ ቃል አልሰጠሁትም!"

ኑርዬ ጥቂት ከፋው። በዓመቱ ከአርዲቦ በኩል ሌላ አገባ፤ በሠርጉም ኡሙሰልማን ጠርቶ ከዘመዶቹ ጋር አስቀመጣት። ሙሽራይቱ ወር ሳይሞላት ወፍጮ ቤት መጣችና ዙሪያዋን ቃኝታ፣ "እታለም፣ ያን ነገር ለኔም አሳይኝ" አለቻት። ኡሙሰልማ ጭድ የሞላው ጆንያ አጋደመችላት።