ደረጃ ሲመጣ የሚነሳ ሳል

በእኛ ቤት ሴት የባሏን ስም አትጠራም። እኔም ከተጋባን ጀምሮ የባለቤቴን ስም በአፌ አላነሳሁም። ልጅ ሳንወልድ «አንተ» ብቻ ነበር የምለው፤ ልጃችን ከተወለደች ወዲህ «አባቷ» ሆነ። እሱም «እናቷ» ይለኛል። ቡታጅራ በገበያ ቀን፣ በዚያ ሁሉ ጫጫታ መሀል «አባቷ» ካልኩት ዞር ይላል። ስንት አባት በሞላበት ገበያ እሱ ብቻ ነበር የሚዞረው።

ካይሮ የሄድነው በጃንሆይ ዘመን ማብቂያ ላይ፣ ልጃችን የወተት ጥርሷን በምትነቅልበት ዕድሜ ነው። ባለቤቴ ቆዳ ነጋዴ ነበር። ከመስቃንና ከማረቆ ገጠር የበግና የፍየል ቆዳ ሰብስቦ አዲስ አበባ ላለ አንድ የመናዊ ነጋዴ ያስረክባል። ቆዳ የሚገዛው በዓይን ነው። ቢላ የነካውን፣ መዥገር የበላውን፣ ጨው በደንብ ያልገባበትን ገና ከሩቅ አይቶ ይለየው ነበር። ከዚያ ዓይኑን ጭጋግ ሸፈነው፤ መጀመሪያ የሩቁ ጠፋበት፣ ቀጥሎ የቅርቡ። ቆዳውን በጣቱ እየዳሰሰ መግዛት ሲጀምር ያወቅሁበት እኔ ብቻ ነበርኩ።

ካይሮ ጥሩ የዓይን ሐኪም አለ ተባለና ለመሄድ ተነሳን። ለየመናዊው አልነገርነውም፤ ዓይን ለሌለው ሰው ቆዳ ግዛልኝ ብሎ ገንዘብ የሚያስይዝ የለም። ለአማቴም አልነገርናቸውም። የልጃቸው ዓይን በቢላ ሊነካ ነው ቢባሉ በሩ ላይ ተጋድመው አያሳልፉንም ነበር። እሱ ደግሞ እናቱ «አይሆንም» ያሉትን ነገር አድርጎ አያውቅም። ስለዚህ ጉዞው ሽርሽር እንዲመስል እሳቸውንም ልጅቷንም ይዘን ሄድን።

ሽርሽሩ ግን እውነት ሆኖ መጣብን። የመናዊው ለሽርሽር መሄዳችንን ሰምቶ ካይሮ ላለ ዘመዱ አስታውቆ ኖሮ፣ ባለቤቴ ሐኪም ቤት ሊገባ አንድ ቀን ሲቀረው ዘመድየው ቀኑን ሙሉ የሚያስጎበኘን ሰው ላከልን። ነጭ ጫማ ያደረገ፣ ጠጉሩን በቅባት ያስተኛ ትሁት ሰው ነው። እምቢ ማለት አይቻልም፤ ግብዣ ነው። እሺ ብለን ስንወጣ ደግሞ ሰውየው ያየውን ሁሉ ወስዶ ለላኪው እንደሚናገር አውቃለሁ።

ጠዋት ሳንወጣ ከባለቤቴ ጋር ተስማማን። በእናቱ ፊት እጁን ይዤ መሄድ አልችልም። ስለዚህ እኔ ከፊቱ እሄዳለሁ፤ ደረጃ ሲመጣ እስላለሁ። አንዴ ከሳልኩ ሽቅብ ነው፣ ሁለት ጊዜ ከሳልኩ ቁልቁል።

አሮጌው ከተማ ደረጃው ብዙ ነው። መንገዱ ጠባብ፣ ሁለቱም ወገን ግንብ፤ ሰማዩ ከላይ እንደ መቀነት ቀጥኖ ይታያል። ከፊት የአህያ ጋሪ ይመጣል፣ ከኋላ ሰው ይገፋል። ከዚያ ሁሉ መሀል ፈቀቅ ብዬ የምተነፍስበት ቦታ አጣሁ። ዓይኔ ከመሬት አልተነሳም። ሌላው ሰው ቀና ብሎ ሲያይ እኔ ያየሁት ድንጋይና ደፍ ነው። መዳብ የሚቀጠቅጡ ሰዎች ሰፈር ስንደርስ ሳሌ በመዶሻው ድምፅ እንዳይዋጥ ከሆዴ ሳልኩ።

«አንቺ ልጅ፣ ደረትሽን ምን ነካው?» አሉ አማቴ።

«አቧራ ነው እማ።»

«አቧራ? ከቡታጅራ መንገድ አቧራ ይብሳል? እሱን እየቃምሽ አድገሽ የለም እንዴ?»

አስጎብኚው አዘነልኝና ጥቁር፣ ጎምዛዛ መጠጥ ገዝቶ ሰጠኝ። ጨልጬ ስጠጣው ተሻላት ብሎ ደስ አለው። ወዲያው ሌላ ደረጃ መጣ፤ ሳልኩ። ሰውየው ፊቱ ጠቆረ።

አስጎብኚው በዓረብኛ ይናገራል፤ ባለቤቴ ከየመን ነጋዴዎች በለመደው ዓረብኛ እየሰማ በጉራጊኛ ይነግረናል። እዩ የሚለን እንግዲህ የማያየው ሰው ነበር። አንድ ቦታ «ያንን ረጅም ማማ እዩ» ብሎ ራሱ ወደ ሌላ አቅጣጫ ዞረ።

«አባባ፣ እዚያ ጋ እኮ የተሰጣ ልብስ ነው ያለው» አለች ልጅቷ።

ትከሻዋን ጫን አደረግኩት። እሱ ግን ቶሎ ብሎ «ልብሱንም እዩ ብዬ ነው» አላትና አማቴ ሳቁ።

ትልቁ መስጊድ ግቢ ውስጥ አማቴ ረድፍ የያዙትን ምሰሶዎች ትኩር ብለው አዩና «አንድ ቤት አንድ ምሰሶ ይበቃዋል። ይህን ንገረው» አሉት። ባለቤቴ ምን ብሎ እንደተረጎመው እንጃ፤ አስጎብኚው እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ አመሰገናቸው።

ከሰዓት በኋላ ወደ አንድ የድሮ የከተማ በር ወሰደን። ጣሪያው ላይ ተወጥቶ ከተማው በሙሉ ይታያል አለ። ደክሞናል ልል ነበር፤ ልጅቷ ግን ቀድማ ሮጠች። ደረጃው በግንቡ ሆድ ውስጥ የሚጠመዘዝ፣ አንድ ሰው ብቻ የሚያሳልፍ ጨለማ ነው። አስጎብኚው ባለቤቴን ላክብር ብሎ ክንዱን ይዞ አወጣው። አማቴ ተከተሉ፤ እኔ ከሁሉ ኋላ ቀረሁ። አማቴ በየደረጃው እያረፉ ነው የሚወጡት። ማለፍ አልችልም፣ መመለስም አልችልም። ግራና ቀኝ ግድግዳው ትከሻዬን ይነካኛል፤ ከላይ የባለቤቴ የጫማ ድምፅ ይርቃል።

በመጨረሻ ብርሃን መጣ፤ ጣሪያው ላይ ሌላም ጎብኚ ሞልቷል። በአማቴ ትከሻ ላይ አሻግሬ ሳይ፣ አስጎብኚው ጀርባውን ሰጥቶ በእጁ ሩቅ ነገር ያሳያል። ባለቤቴ ብቻውን ወደ ዳር ይሄዳል። የዳሩ ግንብ እዚያ ጋ ፈርሶ ከጉልበት በታች ቀርቷል።

ሳልኩ። ነፋሱ ወሰደው።

ያን ጊዜ ስሙን ጠራሁት። ሰው በስሙ ሲጠራ ይዞራል ብዬ ነው። እሱ ግን አልቆመም። ስሙን በእኔ ድምፅ ሰምቶት አያውቅም፤ ከእነዚያ ሁሉ ሰዎች አንዷ ሌላ ሰው ስትጠራ መስሎት አንድ እርምጃ ጨመረ።

«አባቷ!»

ቆመ። ፊቱን ወደ እኔ አዞረ።

አማቴ ሄደው ክንዱን ያዙና ከዳር መለሱት። መዳፋቸውን በዓይኑ ፊት አሳለፉ፤ ዓይኑ አልተከተለም። አስጎብኚው ደንግጦ አንድ ነገር ጠየቀ።

«ከፍታ እንደ አባቱ ያዞረዋል በለው» አሉ።

ባለቤቴ ራሱ ተረጎመው። ሰውየው አምኖ ልጅቷን ወንዙን ሊያሳያት ፈቀቅ አለ።

«ከመቼ ጀምሮ ነው?» አሉ አማቴ።

«ቆየ እማ።»

«እኔን ደግሞ ሽርሽር ብለህ አመጣኸኝ።»

«ነገ ሐኪም ቤት እገባለሁ። ዓይኔን ይከፍቱልኛል።»

«በምን?»

«በቢላ እማ» አልኩ እኔ።

ድንጋዩ ላይ ተቀመጡ። «አይሆንም» የሚለው ቃል ከአፋቸው እስኪወጣ ጠበቅሁ። ከወጣ ነገ ሐኪም የለም፤ ጨለማውን ይዘን ቡታጅራ እንገባለን። ባለቤቴ እንደ ልጅ አጠገባቸው ቆሟል። አማቴ ግን ምንም አላሉም። ከተማውንም አላዩም፤ ጫማቸውን ነበር የሚያዩት።

ልንወርድ ስንል ተነሱና ከሁላችን ቀድመው ወደ ደረጃው ሄዱ። አፋፉ ላይ ሲደርሱ ወደ እኔ ዞሩ።

«ስሙን ጠራሽ።»

«ጠራሁ እማ።»

«ሰማሁ» አሉ። ወደ ጨለማው ገቡና ሁለት ጊዜ ሳሉ።

አስጎብኚው ከዚያ በኋላ ሌላ መስጊድ፣ ሌላም ገበያ አስጎበኘን። አማቴ ከፊት ሆነው እየሳሉ መሩን። ሰውየው ለእሳቸውም ያንን ጎምዛዛ መጠጥ ገዛላቸው። «ይሄ ሰው ሊገለን ነው» አሉና ጠጡት።

ማታ ስለ ቢላው ማንም አላነሳም። እሺ ይበሉ እምቢ ይበሉ ሳላውቅ ነጋ። በማግስቱ የሐኪም ቤቱ ደጃፍ ላይ የእብነ በረድ ደረጃ ነበር። አማቴ ልጅቷን ይዘው ከፊት ይሄዱ ነበር። ከደረጃው ሥር ቆም አሉ።

አንዴ ሳሉ።