የዋልተር አውሮፕላንና የአባቴ ምራን

አንድን ነገር እንዳይወልቅ ብላችሁ አጥብቃችሁ አስራችሁ፣ በማጥበቃችሁ ያበላሻችሁበት ጊዜ አለ? እኔ አለኝ።

ከማስተምርባት ከንፋስ መውጫ በወጣሁበት ማለዳ አባቴ ከስማዳ ድረስ መጥተው ሻንጣዬን ሚኒባሱ ጣሪያ ላይ አሰሩልኝ። ላላ ያለ መሰለኝና ወጥቼ እንደገና ወጥሬ አሰርኩት። ደብረ ታቦር ስንደርስ ገመዱ እንደተወጠረ ነበር፤ የሻንጣው እጀታ ግን ተገንጥሏል።

አሁን ካናዳ ነኝ። ሜዳው ወሰን የለውም፤ ነፋሱ የጋይንትን ያስንቃል፤ ምሳው ቀዝቃዛ ዳቦ በቀዝቃዛ አይብ ነው፤ "እንብላ" የሚል ሰው የለም። የተከራየሁት ዋልተር ከሚባሉ ጡረተኛ ቤት ነው። ዋልተር በካርቶን ተበታትኖ የመጣ አውሮፕላን ጋራዣቸው ውስጥ ሲገጣጥሙ ስድስት ዓመት ሆኗቸዋል።

"ምን ነበር የምታስተምረው?" አሉኝ።

"ፊዚክስ።"

"እንግዲያው መፍቻ ያዝ።"

አብራሪው የሚይዘው ዘንግ በቀጫጭን ቱቦዎች አማካይነት ክንፉ ላይ ካለው ተንቀሳቃሽ ክፍል ጋር ይገናኛል። በየመገጣጠሚያው አንድ ቦልትና አንድ ዳዶ አለ። ሰማይ ላይ ቢወልቅስ ብዬ ሁሉንም ጉልበቴ እስኪያልቅ አጠበቅኋቸው።

የበረራ ፈቃድ የሚፈርመው ተቆጣጣሪ መጣና ዘንጉን በአንድ ጣት ገፋው፤ አልሄደም። በሁለት እጁ ገፋው፤ ዘንጉ እያጉረመረመ ተንቀሳቀሰ።

"ማነው ያጠበቀው?"

"እኔ።"

"እንዳያመልጥ ፈርተህ ነው?"

ዋልተር ሳቁ፤ ተቆጣጣሪው አልሳቀም። በሳምንት እመለሳለሁ ብሎ ሳይፈርም ሄደ። ከዚያ በኋላ በረዶ ይገባና አይበረርም። በሚቀጥለው ዓመት ደግሞ የዋልተር ዓይን ለመብረር እንደማይበቃ ሐኪማቸው ነግሯቸዋል።

እሁድ ለአባቴ ደውዬ ነገሩን አስረዳሁ። ማስረዳት ስለምወድ ረዘመ።

"ቆይ እስቲ፣ አንተ መምህር" አሉ። "ሞፈሩን ከቀንበሩ ስታያይዝ ምራኑን ድርቅ እስኪል ትወጥረዋለህ?"

"አልወጥረውም። ጠፍሩ ከተወጠረ በሬዎቹ መዞር ያቅታቸዋል።"

"ካልተወጠረ ታዲያ ለምን አይወልቅም?"

"ቋጠሮ አለው።"

"እህ! ያንተ ብረትስ ቋጠሮ የለውም?"

ነበረው። የቦልቱ ጫፍ ቀዳዳ አለው፤ በቀዳዳው ቀጭን ሽቦ ገብቶ ይታጠፋል። ዳዶው እንዳይፈታ የሚይዘው ሽቦው ነው እንጂ የእኔ ጉልበት አይደለም። የማይንቀሳቀሰውን ቦልት በደንብ ማጥበቅ ተገቢ ነው፤ የሚታጠፈው መገጣጠሚያ ግን ሳይንገጫገጭ በቀላሉ መዞር አለበት። ሁሉንም ፈታሁ፤ ዳዶውን በጣቴ ብቻ አዙሬ ሽቦውን አጠፍኩ።

ተቆጣጣሪው ተመልሶ በአንድ ጣት ገፋና ፈረመ። በማግስቱ ዋልተር በረሩ፤ ነጥብ እስኪሆኑ ድረስ ቆሜ አየኋቸው።

"በረሩ" አልኳቸው ለአባቴ።

"ተመለሱ?"

"ተመልሰዋል።"

"ደግ" አሉ። ከዚያ ገብሱ እንደታጨደ ነገሩኝ። የእኔን መመለስ ሳይጠይቁኝ መስመሩ ተቋረጠ።

እናንተም ሞክሩት። ሁለት ቁራጭ እንጨት በአንድ ሚስማር አያይዙ። መጀመሪያ ሚስማሩን እስከ መጨረሻው ምቱት፤ ቀጥሎ ጥቂት ሳቡትና ጫፉን በጀርባ በኩል አጥፉት። የትኛው እንደሚዞር እዩ። ስማዳ ያላችሁ ግን እንጨት አትፈልጉ፤ በእርሻ ወቅት ወደ አባቴ ማሳ ውጡና ምራኑን ሲያስሩ አብራችሁ ሞክሩት። ቀንበሩን የሚይዝላቸው ሰው ያስፈልጋቸዋል።