የድሬ መኪና በደጋ አየር

ከድሬዳዋ የወጣነው ሊነጋጋ ሲል ነው። የመጨረሻውን ሌሊት እንደ ልማዳችን አልጋ አውጥተን ግቢ ውስጥ አደርን። ልጄ ሰናይት ቡራዩ ቤት ሠርታ ልትወስደኝ መጥታ ነበር፤ ባሌ ከሞተ ወዲህ ብቻዬን መኖሬን አልወደደችውም። እሺ አልኳት፤ ግን በአውቶቡስ አልሄድም፣ በአባትሽ መኪና ነው አልኩ። ሁለት ሰው ብቻ የምትይዝ፣ ዝቅ ያለች አሮጌ የስፖርት መኪና ናት። ወደ አገሩ ሊመለስ ከተነሣ ግሪክ ነው ባሌ የገዛት፤ እኔንም መንዳት ያስተማረኝ በእሷ ነው።

እህቴ አስካለ በር ላይ ቆማ፣ "ሄደሽ ትቀሪያለሽ" አለችኝ። ለፋሲካ በዚችው መኪና እመለሳለሁ አልኳት። ቃሌ ነበር።

ድሬ ነጠላ በሚከብድበት ሰዓት ቡራዩ ጋቢ ደርቤ እቀመጣለሁ። ማንጎው ሳይበስል ነው ገበያ የሚደርሰው። እኔስ ቀስ በቀስ ለመድኩት፤ መኪናዋ ግን እምቢ አለች። ጥቁር ጭስ ትተፋለች፣ ግማሽ ቀን ተሰልፌ የቀዳሁት ቤንዚን ሳምንት አይቆይም። ኋላም ሞተሯ እየሠራ ስትቆም የዘይቱ ቀይ መብራት ብልጭ ድርግም ማለት ጀመረ።

አንድ ትራፊክ ፖሊስ አስቆመኝና፣ "እማማ፣ ምን እየጠበሱ ነው?" አለኝ። ጭሱን ካላስተካከልኩ ታርጋዬን እንደሚፈታ ነግሮ ለቀቀኝ። የመጀመሪያው ጋራዥ፣ አምፖሉን ብንነቅለው መብራቱ አያስቸግርዎትም አለኝ። ሁለተኛው ሞተሩ አልቋል፣ ይሽጡት አለ።

ሰበታ የድሮ መኪና የሚያውቁ ኦቦ ገመቹ የሚባሉ ሽማግሌ እንዳሉ ሰማንና ሄድኩ። እንደደረስኩ፣ "አንተ፣ እስቲ ይህን መብራት እየው" አልኳቸው። ቀና ብለው አዩኝና ወደ ሌላ መኪና ሥር ገቡ። እስከ ቀትር ቆምኩ። በመጨረሻ በሩ ላይ ሻይ የምትሸጠው ሴት አዘነችልኝ መሰለኝ፣ "እናቴ፣ ኦቦን እኮ አንተ አሏቸው" አለችኝ።

ድሬ ሽማግሌውም ሹሙም አንተ ነው፤ ንቀት የለበትም። ይህን ለማን አስረዳለሁ? ጠጋ ብዬ፣ "ኦቦ ገመቹ፣ ይቅር ይበሉኝ፤ የድሬ ሰው ነኝ፤ መኪናዬን ይዩልኝ" አልኩ። አንቱታው አፌ ውስጥ እንደ ሌላ ሰው ጥርስ ነበር።

እጃቸውን እየጠረጉ ወጡና በኦሮምኛ ሰላም አሉኝ። "አካም ጅርቱ። ድሬ ነዎት ለካ። ቀድመው ቢናገሩ ምን ነበረበት?"

የዘይት መለኪያውን ዘንግ መዘው አዩት። ዘይቱ ቀንሶ ይሆን አልኳቸው።

"ጨምሯል እንጂ። ያሽትቱት።"

ቤንዚን ቤንዚን ይላል። እሳት የሚጭሩትን ካንዴላዎችም ፈትተው አሳዩኝ፤ ጥላሸት ለብሰዋል። መኪናዋ ለቆላ አየር የተቃኘች ናት አሉኝ። እዚህ አየሩ ስስ ነው፤ እሷ ግን ቤንዚኑን በቆላው ልክ ትጠጣለች። ያልተቃጠለው ወደ ዘይቱ ይወርድና ያቀጥነዋል፤ መብራቱ የሚበራው ለዚያ ነው። ዘይቱን ለወጡ፣ ካርቡራተሩ ውስጥ ቤንዚን የሚለካውን ባለቀዳዳ ትንሽ የነሐስ ቡሎንም ቀዳዳው በጠበበ ቀየሩት። ጭሱ ጠፋ፣ መብራቱም ጠፋ።

አሮጌውን በወረቀት ጠቅልለው ሰጡኝ። "ቆላ ከወረዱ ይህ ይመለስ። አለዚያ ቤንዚን ያንሳታል፣ ሞተሩ ይቃጠላል። እዚያ የሚያውቅ አለ?"

"ባሌ ነበር" አልኳቸው።

የፋሲካ ሳምንት አስካለ ደወለች። ዶሮ ልግዛልሽ ወይ ብላ ጠየቀችኝ። መኪናዋ ተሠራች አልኳት።

"ታዲያ?"

"የተሠራችው ለደጋ ነው። እዚያ የሚመልሳት የለም።"

"አንቺስ?" አለችኝ።

ዛሬም ብርድ ነው አልኳት፤ እመጣለሁ አላልኩም።