ከሮውሌት እስከ ፎርት ወርዝ፦ የልጄን ጨዋታ ለጋሽ ተክሌ ስነግራቸው

ቅዳሜ ንጋት፣ ሮውሌት

ከቤት ስወጣ ገና አልነጋም። ሐይቁ ላይ ጉም ተኝቷል፤ ከድልድዩ ወዲያ ያሉት የመንገድ መብራቶች ብቻ ደብዘዝ ብለው ይታያሉ። የመኪናዬ መስታወት ስስ በረዶ ስለያዘ ሞተሩን አስነስቼ እስኪቀልጥ ቁጭ አልኩ። ኅዳር መጨረሻ ላይ ቴክሳስ እንዲህ ናት፤ ጠዋት ጃኬት፣ ከሰዓት በኋላ ከነቴራ።

ወደ ኤርፖርት ሰው የማመላልስ ሾፌር ነኝና ይህን መንገድ በየቀኑ እነዳዋለሁ። ዛሬ ግን ተሳፋሪዬ አንድ ሰው ብቻ ነው። የምንሄደው ፎርት ወርዝ፣ ለወጣት ፕሮፌሽናል ወንዶች የተዘጋጀ የዓመቱ መዝጊያ የቴኒስ ውድድር ወዳለበት አዳራሽ ነው። ስምንት ልጆች ተጠርተው ነበር፤ አንዳቸውም ሃያ አንድ ዓመት አላለፋቸውም። አሁን አራት ቀርተዋል። ከአራቱ አንዱ ልጄ ናሆም ነው።

ከአንባቢ የምደብቀው ነገር የለም። ከናሆም ጋር ከተኳረፍን ስምንት ወር ሆነን። በቴኒስ ነፃ የትምህርት ዕድል አግኝቶ የገባበትን ኮሌጅ ሁለተኛ ዓመት ላይ ትቶ "ፕሮፌሽናል እሆናለሁ" ብሎ ወጣ። እኔ ክፉ ተናገርኩት፣ እሱም መለሰልኝ። ከዚያ ወዲህ ሲደውል ስልኩን እኔ ካነሳሁት "እናትህን ላገናኝህ" ከማለት ሌላ አልጨምርም። ሲጫወት አይቼውም አላውቅም ማለት ይቻላል። ውድድሩ ሁልጊዜ ቅዳሜና እሑድ ነው፤ ለእኔም ደህና ሥራ የሚገኘው ያኔ ነው።

ታዲያ ዛሬ ለምን ትሄዳለህ ብትሉኝ፣ ጋሽ ተክሌ ስለደወሉ ነው። "የሚያደርሰኝ ሰው አጣሁ" አሉ። እሳቸውን እምቢ ማለት አልችልም።

ቪከሪ ሜዶ

ጋሽ ተክሌ ከአፓርትመንቱ ደረጃ ሥር ከረቫት አስረው፣ ባርኔጣ አድርገው፣ ከዘራቸውን ተደግፈው ቆመዋል። ሰባ ስድስት ዓመታቸው ነው። አዲስ አበባ ሳሉ ቴኒስ አስተማሪ ነበሩ፤ እዚህ ጡረታ እስኪወጡ ድረስ የመኪና ማቆሚያ ጠባቂ ሆነው ሠሩ። እኛም ሮውሌት ሳንገባ በፊት እዚሁ ግቢ ጎረቤታቸው ነበርን። ናሆም ስምንት ዓመት ሲሞላው ራኬት ያስያዙት እሳቸው ናቸው፤ ሜዳ ስላልነበረ ከልብስ ማጠቢያው ክፍል ጀርባ ካለው ግድግዳ ጋር ያጫውቱት ነበር። ሰናይት፣ ባለቤቴ፣ የኳሱ ድብደባ ራሷን እያመማት ስንት ጊዜ ተቆጥታለች።

"ጋሽ ተክሌ፣ እንደምን አደሩ? ብርድ ላይ ለምን ቆሙ?"

"ታረፍዳለህ ብዬ ነዋ።"

"ጨዋታው እኮ ረፋድ ላይ ነው።"

"ሲያሟሙቅ መድረስ አለብኝ። ኳስ ሲመታ ድምፁን ካልሰማሁ ምን ልሠራ ሄድኩ?"

ክንዳቸውን ይዤ ወደ መኪናው ስወስዳቸው ነው የዓይናቸው ነገር ምን ያህል እንደባሰ የገባኝ። የመኪናውን በር እጀታ በእጃቸው ዳብሰው ፈለጉ።

ሠላሳ ቁጥር ሀይዌይ፣ ወደ ምዕራብ

የዳውንታውን ፎቆች ላይ ፀሐይ ወጣች። ቅዳሜ ስለሆነ መንገዱ ክፍት ነው። ጭነት መኪናዎች፣ የጠበቃ ማስታወቂያ፣ የቤተ ክርስቲያን ማስታወቂያ፣ የመኪና መሸጫ፣ ደግሞ ሌላ ጠበቃ።

"አንተስ ትገባለህ?" አሉኝ ጋሽ ተክሌ።

"አድርሼዎት ፓርኪንግ ላይ እጠብቅዎታለሁ።"

"እሺ" አሉ። 

አርሊንግተን ላይ ነዳጅ ለመቅዳት ከሀይዌዩ ወጣሁ። ከማደያው ጎን ካለች ትንሽ መስኮት አንዲት ሜክሲኳዊት ሴትዮ ትኩስ ታኮ፣ በስስ ቂጣ የሚጠቀለል ምግብ፣ ትሸጣለች፤ አንዱ ሦስት ዶላር። ጾም ስለገባ ለጋሽ ተክሌ ድንችና ባቄላ ብቻ አስደረግሁላቸው። ቃሪያው አስነጠሳቸው። "ይቺ ሴትዮ ሙያ አላት" ብለው ሁለተኛ አስመጡ።

ፎርት ወርዝ፣ ረፋድ

አዳራሹ ከውጭ ሲታይ መጋዘን ይመስላል። ፓርክ አድርጌ ጋሽ ተክሌን እስከ መግቢያው አደረስኳቸው። ልመለስ ስል እጅጌዬን ያዙኝ።

"ዳኜ፣ እኔ እኮ ማየት አልችልም። ማን ይነግረኛል?"

አብሬያቸው ገባሁ።

ውስጡ ሞቅ ያለ፣ በጣም ብሩህ ነው። ሜዳው ሰማያዊ። ሰው ብዙም የለም፤ የተጫዋቾች ቤተሰቦች፣ ጡረተኞች፣ ማስታወሻ የያዙ አሠልጣኞች። ቦታ የምታሳየን ሴት ከፊት አስቀመጠችንና ደንቡን ነገረችን፦ አምስት አጫጭር ዙር፣ ሦስት ቀድሞ የወሰደ ያልፋል፤ ተጫዋቾቹ ቦታ ሲቀያየሩ ከመቀመጫ ሆኖ ማናገር ይፈቀዳል።

ናሆም ወጣ። ቀጥኗል። ጢም አሳድጓል፣ እናቱም አልነገረችኝም። ተጋጣሚው ከቼክ የመጣ ረጅም ግራኝ ነው። ናሆም ቀና ብሎ አላየም፤ ኳሱን እያነጠረ ወደ መስመሩ ሄደ።

"ጀመሩ" አልኩ።

"ንገረኝ።"

"ያኛው ሰርቭ አደረገ። ናሆም መለሰ። ያኛው መታ። ናሆም መታ። ወጣ።"

"እንዲህ አይደለም። እግሩ የት ነበር?"

እግሩን አላየሁም ነበር። ኳሷን ነበር የማየው። ከዚያ በኋላ እግሩን ማየት ጀመርኩ። አጎንብሼ በጆሯቸው ሹክ እላለሁ፤ እሳቸው ዓይናቸውን ጨፍነው፣ አገጫቸውን ከዘራው ላይ አስደግፈው ያዳምጣሉ። የመጀመሪያው ዙር በፍጥነት አለቀ፤ ናሆም ተሸነፈ። ሁለተኛውንም።

"የሚመታው ዘግይቶ ነው" አሉ ጋሽ ተክሌ። "ድምፁ ታፍኗል። ሰርቭ ሲቀበል የት ነው የሚቆመው?"

"ከኋላው መስመር ወደ ኋላ። ሁለት ትልልቅ እርምጃ ይሆናል።"

"ሁልጊዜ?"

"ሁልጊዜ።"

"ፈርቷል። ወደፊት ይቅረብ። ንገረው።"

"እኔ?"

"የኔ ድምፅ እዚያ ይደርሳል?"

ተጫዋቾቹ ቦታ ሊቀያየሩ ወንበራቸው ላይ ተቀምጠዋል። ናሆም ፎጣ ራሱ ላይ ጥሏል። ሌላው ልጅ ሦስት ሰዎች ከበው ያወሩታል፤ ከናሆም ወንበር ጀርባ ማንም የለም። ብድግ አልኩ። 

"ናሆም!"

ፎጣውን አነሳ። መጀመሪያ ከየት እንደተጠራ አላወቀም። ከዚያ አየኝ። ከስምንት ወር በኋላ ፊት ለፊት ያልኩት የመጀመሪያ ቃል የራሴ አልነበረም።

"ጋሽ ተክሌ ወደፊት ቅረብ ይላሉ! ሰርቭ ስትቀበል! ሁለት እርምጃ!"

 ከጎኔ የተቀመጡትን ሽማግሌ አየ። ራሱን ነቀነቀና ተነሣ።

ሦስተኛውን ዙር ወሰደ። አራተኛውንም። ጋሽ ተክሌ እያንዳንዷ ምት በተሰማች ቁጥር ጉልበቴን ይጨብጣሉ። እኔም ሹክ ማለቴን ረስቼ እየጮህኩ ኖሮ፣ ከጎናችን ያሉ ሴትዮ ዞር ብለው ፈገግ አሉ።

በአምስተኛው ዙር መጨረሻ፣ ነጥቡ እኩል ሆኖ፣ የቼኩ ልጅ የመታት ኳስ ወጣች ተብሎ ነጥቡ ለናሆም ተሰጠ። ናሆም እጁን አወጣ፤ መስመሩን በራኬቱ ጫፍ እያሳየ ዳኛውን አናገረ። ነጥቡ ተሻረ።

"ምን ሆነ? ለምን ዝም አልክ?"

"ኳሷ መስመር ነክታለች ብሎ ለዚያኛው ሰጠው።"

ጋሽ ተክሌ አገጫቸውን ከከዘራው ላይ አነሱ። "ይህን እኔ አላስተማርኩትም" አሉ።

"እኔም አላስተማርኩትም።"

"እንግዲያው እናቱ ናት።"

ከሁለት ነጥብ በኋላ ናሆም የመታት ኳስ መረቡ ላይ ቀረች። ተሸነፈ። ለጋሽ ተክሌ መንገር አላስፈለገኝም፤ ጭብጨባው ከየት በኩል እንደመጣ ሰምተዋል።

ኮሪደሩ ላይ ጠበቅነው። ፀጉሩ እርጥብ እንደሆነ፣ ትልቁን ቦርሳ አንግቦ ወጣና ጋሽ ተክሌን አቀፋቸው። "ጋሼ፣ እንዴት ነህ... ነዎት?" አለ። ሳቁበት። ከዚያ እኔ ፊት ቆመ።

"ዳድ፣ ማለቴ፣ እንደምትመጣ አላወቅኩም።"

"እኔም አላወቅኩም።"

"ሶ... ምን አየህ?"

ብዙ ነገር ልለው አስቤ ነበር። የወጣልኝ ግን ያየሁት ነው። "ከሦስተኛው ዙር ጀምሮ ቀኝ ትከሻህን ታሻሻለህ። ያምሃል?"

መሬት መሬት አየ። "ትንሽ።"

"ከመቼ ጀምሮ?"

"መስከረም።"

"ለማን ነገርክ?"

"ለማንም።"

ቦርሳውን ከትከሻው ወሰድኩ። ከበደኝ፤ ይህን ይዞ ነው ለካ ለብቻው በየከተማው የሚዞረው።

መልስ

ጋሽ ተክሌን ቪከሪ ሜዶ አደረስናቸው። ናሆም እስከ ፎቅ ደግፎ አወጣቸው። ሲመለስ ከፊት ወንበር ገባ። 

"ትምህርቱን ብትጨርስ አሁንም ደስ ይለኛል" አልኩት።

"አውቃለሁ።"

"ሐሳቤን አልቀየርኩም።"

"አውቃለሁ፣ ዳድ።"

"ትከሻህን ሰኞ ሐኪም ያየዋል። እናትህ አፖይንትመንት ታስይዝልሃለች።"

"ኦኬ።"

"ከዚያስ? ቀጣዩ ውድድር የት ነው?"

ከመስኮቱ ዞሮ አየኝ። "ጥር ላይ፣ ሂውስተን። ትከሻዬ ከዳነ።"

"በመኪና አራት ሰዓት ነው።"

"አራት ሰዓት።"

"ለሥራ ቦታዬ ቀደም ብዬ ልንገራቸዋ።"

 ወንበሩን ትንሽ ወደ ኋላ አስተኝቶ እግሩን ዘረጋ።

ሮውሌት ስንደርስ ሐይቁ ላይ ፀሐይ ነበረች፤ ጀልባ የሚጎትቱ መኪናዎች ተሰልፈዋል። ሰናይት ከሆስፒታል ፈረቃዋ ገብታ፣ የሥራ ልብሷን እንኳ ሳትቀይር በሩን ከፈተችልን። መጀመሪያ እኔን አየች። ከዚያ ከኋላዬ የቆመውን። ዓይኗ እንባ ሞላ፤ ግን ለማልቀስ ፋታ አልሰጠችም።

"ማን አሸነፈ?" አለች።

እኔና ናሆም እኩል መናገር ጀመርን።